ማንም ያልሰረቃት በቅሎ

ኦገስት 31፣ 1986፣ እሑድ

ይህን ብዕር የያዘችው ቨርኔል ናት፤ የሟች ባለቤቴ የኦዜላ ታናሽ እህት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ። በአላባማ እንደ እሷ ቀጥ ያለ መስመር የምትጽፍና እንደ እሷ ጠማማ ነገር የምትናገር ሴት አላየሁም። እጁ የእሷ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ፣ የለሙኤል ታርቨር ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የምለው አፍሬ አይደለም። ሰባ ስድስት ዓመት ያለ ፊደል ስኖር መንገድ የጠፋኝ አንድ ጊዜ በርሚንግሃም ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ጥፋቱ የመንገዱ ነበር።

ኦዜላ በየዓመቱ የፉትቦሉ ወቅት ሲጀምር ደብተር ትከፍት ነበር። እኔ ከሜዳ መጥቼ ቦቲዬን ሳላወልቅ የሆነውን እነግራታለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ያለፈው ዓመት ሳይጻፍ አለፈ። ዛሬ ቨርኔል ደብተር ይዛ መጣችና «ግድግዳ ላይ አፍጥጠህ ከምትውል ተናገር» አለችኝ። ግድግዳ አልነበረም የማየው። መስኮት ነበር።

(ቨርኔል ነኝ። ግድግዳ ነበር። እሱ ማንበብ ስለማይችል፣ የማቀናው ነገር ሲኖር እንዲህ በቅንፍ አስገባዋለሁ።)

ይጻፍልኝ። የማውንት ኔቦ ኮሌጅ ቡድን «በቅሎዎቹ» ነው የሚባለው። ልጆቹ በስም ነው፤ እውነተኛዋ በቅሎ አንድ ናት፣ ደሊላ። የእኔ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐምራዊ ግላሷን ለብሳ፣ ቃጭሏን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ቡድኑን እየመራች ሜዳ ትገባለች። ልጓሟን የምይዘው እኔ ነኝ። ልጆቻችን ኳሷን በእጅ ይዘው የባላጋራውን ጫፍ መስመር አልፈው ተችዳውን ባገቡ ቁጥር ሜዳውን አንድ ዙር ትዞራለች። እኔም አብሬ እዞራለሁ።

ባለፈው አርብ አዲሱ የስፖርት ኃላፊ ዶክተር ፕሬንቲስ ቢሮው አስጠራኝ። ወጣት ነው፤ ጫማው ሣር ረግጦ አያውቅም።

«አቶ ታርቨር፣ ዘመኑ ተለውጧል» አለኝ። «በደሊላ ፈንታ የበቅሎ ልብስ የሚለብስ ተማሪ እናስገባለን። ይጨፍራል፣ ከሕፃናት ጋር ፎቶ ይነሳል። የኮሌጁ ቦርድ ከባላንጣችን ከሎፍተን ኮሌጅ ጋር ከምንጫወተው ጨዋታ በኋላ ይወስናል።»

«ደሊላም ትጨፍራለች» አልኩት።

«መቼ?»

«ሲያሰኛት።»

«እርስዎም እኮ አረፍ ማለት ይገባዎታል።»

«ደክሞኛል ያልኩት ለማን ነው?» ብዬ ወጣሁ። በሩን ዘጋሁት። ጠንከር አድርጌ ነው የዘጋሁት።

ሴፕቴምበር 6፣ ቅዳሜ

31 ለ 0 ተሸነፍን። ዜሮው የእኛ ነው። ደሊላ አልዞረችም። ቨርኔል ጎመን ጥዳ ስለመጣች በዚህ ይብቃ።

ሴፕቴምበር 14፣ እሑድ

27 ለ 3። ሦስቷ ነጥብ በእግር የተመታች ናት፤ በሦስት ነጥብ በቅሎ አይዞርም። የኮሌጁ የሙዚቃ ባንድ ረስቶት ነፋና ደሊላ ልትነሳ ጆሮዋን አቀናች። «ተይው፣ ያን ያህል አልሆነም» አልኳት። ገባት። ከአንዳንድ ደጋፊዎቻችን የተሻለ ጨዋታው ይገባታል።

ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ለሚስቱ «በቅሎዋ ናት ሽማግሌውን የምትመራው ወይስ እሱ ነው እሷን?» ሲላት ሰማሁ። ዞሬ አላየሁትም። መልሱን እኔም ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ሴፕቴምበር 21፣ እሑድ

ትናንት በመጨረሻ አገባን። ኳስ ወርዋሪያችን ለማን እንደወረወረው እግዚአብሔር ይወቅ፤ ብቻ የእኛ ልጅ ደረት ላይ ወደቀች፣ ልጁም ደንግጦ ሮጠ። ባንዱ ነፋ። እኔና ደሊላ ተነሳን። አንደኛውን ማዕዘን አለፍን፣ ሁለተኛውን አለፍን፣ ሦስተኛው ላይ ደሊላ ቆመች። በቃ፣ ቆመች። ዳኛው ፊሽካ ነፋ፤ እኔ ልጓሙን ጎተትኩ፤ እሷ ደመና ታያለች። «ጨዋታ አዘግይታችኋል» ተብሎ ቡድናችን አምስት ያርድ ወደ ኋላ ተቀጣ። በቆመች በቅሎ የተቀጣ ቡድን ከእኛ በፊት ካለ ስሙን ንገሩኝ። አሰልጣኝ ሜይፊልድ ባርኔጣውን አውልቆ ነከሰው። 24 ለ 7 አለቀ።

(ቨርኔል ነኝ። አራተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። የቆመችው ደሊላ አይደለችም። እሱ ነው ጉልበቱን ይዞ የቆመው። እሷ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀችው።)

አሁን ቨርኔልን «እኔ ዝም ስል ብዕሩ ለምን ይሮጣል?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ነጥብ እያስቀመጥኩ ነው» አለች።

«ቡድናችን እንዳንቺ ነጥብ ቢያገኝ የት በደረስን።»

ኦክቶበር 5፣ እሑድ

በሰው ሜዳ ነው የተጫወቱት። አልሄድንም። በሬዲዮ ሰማሁ፣ ግማሽ ላይ ዘጋሁት። ደሊላ ጥርሷን ስላመማት አጃውን በሙቅ ውሃ አርሼ አበላኋት። እኔም ያንኑ በላሁ። ጨው ሲጨመርበት አይከፋም።

ኦክቶበር 11፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጨዋታ የለም። ፀጉር ቤት ሄድኩ። ፊቴ ላይ ትኩስ ፎጣ ጣል ተደርጎልኝ ተንጋልዬ ሳለሁ ሁለት ሰዎች ገብተው ወሬ ጀመሩ። ፎጣው ስር ማን እንዳለ አላወቁም።

«ወይ በቅሎዋን ይሸኙ ወይ ቡድኑን» አለ አንደኛው።

«ሁለቱንም አንድ ተሳቢ ላይ መጫን ነው።»

«ሽማግሌውስ?»

«እሱማ ከነልጓሙ ነው የሚጫነው።»

ሳቁ። ፀጉር ቆራጩ አልሳቀም፤ ምላጩ የእኔ ጉሮሮ ላይ ነበር። ፎጣውን አንስቼ ልናገራቸው አሰብኩ። ከዚያ ግን ነገሩ ደህና ቀልድ እንደሆነ ታየኝ። በራሴ ላይ ባይነገር ኖሮ እኔም እደግመው ነበር። ይኸው ደገምኩት።

ኦክቶበር 19፣ እሑድ

ተሸነፍን። ስንት ለስንት እንደሆነ ቨርኔል ታውቃለች፣ እሷ ካሰኛት ትጻፈው።

(38 ለ 6። ተችዳውኑን ሲያገቡ ዞሩ። ግማሹን መንገድ ግላሷን ተደግፎ ነው የሄደው።)

ስታዲየሙ ውስጥ ከሰው ይልቅ አግዳሚ ወንበር ይበዛል። የባንዱ ልጆች ሲነፉ ድምፁ ባዶው ወንበር ላይ ነጥሮ ተመልሶ ይመጣል፤ ሁለት ባንድ ያለን ይመስላል።

ማታ ረስል ኮትሬል ፖም ይዞ በረት መጣ። ረስል የቡድኑ አምበል ነው፤ መስመር ላይ ቆሞ የሚገፋፋ፣ በር የሚያክል ልጅ። ዘንድሮ ይመረቃል። ደሊላን ፖም እያጎረሰ «ጋሽ ለም፣ እሷን ከእኛ ጋር ብናሰልፋት ምን ይላሉ? ቢያንስ ትራገጣለች» አለኝ።

«እናንተ ጋ ቆማ ስሟን አታጠፋም» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ «አንድ ጊዜ ብቻ የሞላ ስታዲየም ውስጥ ተጫውቼ ብወጣ ሌላ አልፈልግም ነበር» አለ። አራት ዓመት ሙሉ ባዶ ወንበር ፊት ነው የተጋፋው። እናቱ እንኳ ቅዳሜ ሥራ ስላላት መጥታ አታውቅም። «ፖሙን ከነእንጨቱ አትስጣት» አልኩት።

ኖቬምበር 2፣ እሑድ

የሎፍተን ሳምንት ገባ። ቅዳሜ እዚሁ በእኛ ሜዳ ነው።

በሎፍተን ሳምንት የሎፍተን ተማሪዎች በቅሎአችንን ሊሰርቁ ይመጣሉ፤ የእኛዎቹ ደግሞ አውራ ዶሯቸውን ሊሰርቁ ይሄዳሉ። ይህ ሌብነት አይደለም፤ መከባበር ነው። የተሰረቀው ከብት ጠግቦ፣ ታጥቦ፣ ግንባሩ ላይ ቀለም ተቀብቶ ቅዳሜ ጠዋት ይመለሳል። ከደሊላ በፊት የነበረችው ሩት በተሰረቀች ዓመት ከተማው ሦስት ቀን አልተኛም። ሰው ከሞንትጎመሪ ሳይቀር መጣ፣ ስታዲየሙ ሞልቶ ዛፍ ላይ ወጡ። አሸነፍን።

ስለዚህ አዲስ ቁልፍ ገዛሁ። ፍራሼን በረት አወጣሁ። ዘንድሮ ደሊላን የሚወስድ በእኔ ላይ ተረማምዶ ነው።

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

ትናንት አልመጡም። ማታ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸና ዱላዬን ይዤ ዘለልኩ። የቨርኔል ድመት ናት።

ዛሬ ቁልፉን አላላሁት። እንዲያው እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።

ኖቬምበር 5፣ ረቡዕ

አልመጡም። በሩን ገርበብ አድርጌ ነበር ያደርኩት። ውርጩ ጉልበቴን ጨረሰው።

ጠዋት የከብት መኖ ሱቅ ሄድኩ። የሎፍተን ሹራብ የለበሰ ልጅ ድርቆሽ ይጭናል። ጠጋ ብዬ «እናንተ፣ ዘንድሮ በጊዜ ትተኛላችሁ ማለት ነው?» አልኩት።

«እንዴት ጋሼ?»

«በቅሎዋን ነዋ።»

ልጁ ፈገግ አለ፤ ክፉ አይደለም፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ያ ነው ይበልጥ ያበገነኝ። «አይ ጋሼ፣ ለእናንተ ማን ይደክማል? አንድ ጨዋታ እንኳ አላሸነፋችሁም። ዘንድሮ ያሰብነው የትልቁን ኮሌጅ አንበሳ ነው። ከጨርቅ የተሠራውን ማለቴ ነው።»

የጨርቅ አንበሳ። ደሊላ ሥጋና ደም ይዛ፣ አራት ኮቴ ይዛ፣ በጨርቅ አንበሳ ተበለጠች።

እስከ ቤት ድረስ መኪናውን በሁለተኛ ማርሽ ነዳሁ፤ ሦስተኛው እንዳለ ትዝ አላለኝም። ብንሸነፍ ይሁን። መሸነፍ ለምደናል። የማይሰረቅ ነገር ግን ማን ይፈልገዋል? ዶክተር ፕሬንቲስ ይህን ቢሰማ ቦርዱን መሰብሰብ እንኳ አያስፈልገውም።

ዛሬ በጊዜ እተኛለሁ። ነገ ሥራ አለ።

ኖቬምበር 6፣ ሐሙስ

ይጻፍ። ደሊላ ተሰረቀች። ጠዋት በረት ስገባ የለችም። መሬት ላይ የዶሮ ላባ አገኘሁ። ሎፍተኖች ጥለውት የሄዱት ምልክት ነው፤ አርማቸው ዶሮ አይደለም እንዴ?

ቨርኔል ብዕሩን አስቀመጠችና መነጽሯን አወለቀች።

«ግላሷንም ወሰዱት?»

«ወሰዱት። ይበርዳታል ብለው ይሆናል።»

«አጃውንስ?»

«እሱንም።»

«አጃ የሚርስበትን ባልዲዋንም?»

«ጥርሷን እንደሚያማት ያወቁ ይመስላል።»

«ደግ ሌቦች ናቸው» አለች። «መኪናህ ጎማ ላይ ያለው ቀይ ጭቃስ?»

«አንቺ የምትጽፊው የምልሽን ነው ወይስ ሸሪፍ ሆነሻል?»

(ላባው ነጭ ነው። የሎፍተን አውራ ዶሮ ቀይ ነው። የእኔ ነጯ ዶሮ ዛሬ ጠዋት ጭራዋ ሳስቶ አገኘኋት። ቀይ ጭቃ ያለው ደግሞ ወንዙ ማዶ፣ ሃይረም ስቶክስ የሚባለው ወዳጁ ጋ ነው።)

ስለ ከሰዓቱ ላውራ። ከተማው እሳት ሆነ። ተማሪው ሁሉ ትምህርት ጥሎ ግቢዬ መጣ። ባንዱ ባዶው በረት ፊት ቆሞ የቀብር ዜማ ነፋ። ከዚህ ተመርቀው የወጡ ትልልቅ ሰዎች ከየአገሩ ስልክ ደወሉ። ወደ ማታ ሜዳው ላይ እሳት ተቀጣጠለና ዶክተር ፕሬንቲስ ራሱ ድምፅ ማጉያ ያዘ። «የወሰዱብን እንስሳ አይደለም፤ ነፍሳችንን ነው» አለ። በሬዲዮ ተላለፈ። ሰው አለቀሰ። እኔም አንድ ቦታ ላይ እንባዬ መጣ፤ ደሊላ ያለችበትን እያወቅሁ ማለት ነው። አሁን ይህን አትጻፊው።

(ጻፍኩት።)

ኖቬምበር 7፣ አርብ

ቨርኔል ዳቦዋ ምድጃ ውስጥ ነው፤ እስኪበስል ድረስ እናገራለሁ።

ትናንት ከእሳቱ በኋላ ረስልና አራት የመስመር ልጆች ሎፍተን ሄዱ። ደሊላን ሊያስመልሱ ነው። ሲያጧት አውራ ዶሮውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ አጥር ላይ ተያዙ። አምስት እንደዚያ የሚያካክሉ ልጆች አንድ አጥር ላይ ተንጠልጥለው አስቡት፤ አጥሩም ተኝቷል።

የሎፍተን ፕሬዚዳንት ዛሬ ጠዋት ደወለ። «በቅሎአችሁን አልወሰድንም፣ በመጽሐፍ እንምላለን። ቀድመን ሰርቀን ቢሆን ልማድ ነው፣ ዝም እንል ነበር። ሳንነካችሁ መጥታችሁ አጥር አፍርሳችኋልና አምስቱ ነገ አይሰለፉ» አለ። ዶክተር ፕሬንቲስ እሺ አለ።

ይህን የነገረኝ ራሱ ረስል ነው። በረቱ በር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ያን የሚያህል ልጅ ትንሽ መስሎ።

«ይቅርታ ጋሽ ለም» አለኝ። «ፈለግናት፤ አላገኘናትም።»

ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው። እኔን።

«የነገው መግቢያ ሁሉ አልቋል ይባላል» አለ። «እናቴም ፈቃድ ወስዳለች።» ከዚያ ተነስቶ ሱሪውን አራግፎ ሄደ።

ኮቴን ለብሼ ዶክተር ፕሬንቲስ ቢሮ ገባሁ። አልተቀመጥኩም።

«ደሊላ ሃይረም ስቶክስ ጋ ናት። የወሰድኳት እኔ ነኝ።»

የያዘውን ወረቀት አስቀመጠ። «አቶ ታርቨር፣ የራስዎን በቅሎ ሰረቁ?»

«ሌላ የሚሰርቃት ጠፋ።»

ተነስቶ በሩን ዘጋ፣ ተመልሶ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። «ነፍሳችንን ወሰዱ ብያለሁ እኮ። በሬዲዮ።»

«ሰምቻለሁ። ጥሩ ተናግረዋል።»

«እንዲህ እናድርግ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በቅሎዋ መንገድ ላይ ተገኘች እንላለን። ማን ወሰዳት፣ አልታወቀም። አምስቱ ልጆች ነገን ብቻ ይቅሩ። የእርስዎም ስም ይተርፋል፤ ቦርዱም ይህን ሕዝብ አይቶ ደሊላን ያስቀራታል።»

«እነሱ በእኔ ነገር ተቀምጠው?»

«ነገ አደባባይ ወጥተው እኔ ነኝ ካሉ ግን ቦርዱ እርስዎንም እሷንም ዳግመኛ ሜዳ አያስገባም። በቃላችን የተሳለቀብን ሰው ነው የሚሉዎት። እኔም ላድንዎት አልችልም።»

አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ። ይኸው እያሰብኩ ነው። ሚዛኑ ላይ በአንድ በኩል ደሊላ አለች፤ በሌላው የረስል የመጨረሻ ጨዋታ። ደግሞ መሃል ላይ አንድ ደደብ ሽማግሌ ቆሟል።

«ምን ታደርጋለህ?» አለችኝ ቨርኔል።

«ዳቦሽ እየተቃጠለ ነው» አልኳት።

(እውነቱን ነው፣ ተቃጥሏል።)

ኖቬምበር 9፣ እሑድ

ትናንት ማታ ድምፄ ስለዘጋ መናገር አልቻልኩም። ዛሬ ሁሉንም እናገራለሁ፤ ቨርኔል ሁለት ብዕር ይዛ መጥታለች።

ደሊላን ጠዋት ከሃይረም አመጣኋት። ሃይረም «በልታ በልታ ልትፈነዳ ነው፤ ሌላ ጊዜ ስትሰርቅ የምትጾም ስረቅ» አለኝ። ግላሷን አለበስኳት። ስታዲየሙ ጋ ስንደርስ መኪና ማቆሚያ አልነበረም። ይህን ያህል ሰው ከየት እንደመጣ አላውቅም። አጥሩ ላይ፣ ዛፉ ላይ፣ የባንዱ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሳይቀር ሰው ነው። ደሊላ ስትታይ የተነሳው ጩኸት ደረቴ ውስጥ ገባ። ቡድኑን እየመራን ገባን። ረስልና አራቱ ልጆች የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው ከዳር ቆመዋል። አንዲት ሴት ከእነሱ ጀርባ ቆማ የረስልን የኮት ኮሌታ ታስተካክላለች።

ያኔ ነው የወሰንኩት። ቀድሜ ወስኜ ነበር ብል ያምርብኝ ነበር፤ ግን ያኔ ነው።

ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰው ጠረጴዛ ጋ ሄድኩና «አምጣ» አልኩት። ሰጠኝ። ዶክተር ፕሬንቲስ ከወንበሩ ግማሽ ድረስ ተነሳ።

«ለሙኤል ታርቨር እባላለሁ» አልኩ። ድምፄ ከማዶ ተመልሶ መጣብኝ፤ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ሎፍተኖች በቅሎዋን አልነኩም። እኔ ነኝ ወስጄ የደበቅኳት። ማንም ሊሰርቃት አልመጣም፤ ንዴቴ ነው። እነዚህ አምስት ልጆች አጥር ያፈረሱት በእኔ ውሸት ነው። የሚቀመጥ ካለ እኔ ልቀመጥ።»

ጸጥ አለ። ቃጭሏ ብቻ ነው የሚሰማው። የሚቀጥለው ነገር ምን እንደሆነ አልታየኝም፤ ድንጋይ ይሆናል ብዬ ነበር።

መጀመሪያ የሳቁት የሎፍተን ሰዎች ናቸው። ከማዶ አንድ ሳቅ ተነሳ፣ ከዚያ ረድፉ በሙሉ፣ ከዚያ የእኛዎቹ ተቀላቀሉ። በዕድሜዬ እንደዚያ የተሳቀብኝ ቀን የለም፤ ተስቆብኝ ደግሞ አያውቅም አልልም። የሎፍተን ፕሬዚዳንት፣ ወፍራም ሽበታም ሰው ነው፣ ዓይኑን በመሃረብ እየጠረገ ከወንበሩ ተነስቶ በእጁ ምልክት ሰጠ፦ ይልበሱ፣ ይግቡ። አምስቱ ኮታቸውን እየወረወሩ ሮጡ። የረስል እናት አምስቱንም ኮት ታቅፋ ቀረች።

ተሸነፍን። 20 ለ 14። ግን አሥራ አራት ማለት ሁለት ተችዳውን ነው።

በመጀመሪያው ከደሊላ ጋር ተነሳሁ። አንዱን ማዕዘን እንዳለፍን ጉልበቴ ከዳኝ። እውነቱን ልናገር፣ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ፤ ቀድሞም ያስቆመን ደሊላ አይደለችም፣ ጉልበቴ ነው። ተደግፌያት እንደምንም ጨረስኩ።

ሁለተኛው የመጣው በመጨረሻው ሩብ ነው። ረስል ፊቱ ያለውን ሰው ገፍቶ ገፍቶ መንገድ ከፈተ፣ ኳስ የያዘው ልጅ በዚያ ገባ። እኔ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ነበር። ባንዱ ነፋ። ልነሳ አልኩ፤ እግሬ እምቢ አለ። ልጓሙ ከእጄ ወጣ።

ደሊላ ብቻዋን ሄደች።

ማንም አልያዛትም። አንደኛውን ማዕዘን ዞረች፤ ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆም አለች። እዚያ እኔን መጠበቅ ለምዳለች። ዞራ አየች። «ሂጂ» አልኳት፤ ድምፄ የዘጋው ያኔ ነው። ሄደች። አራተኛውን ዞራ መጥታ ፊቴ ቆመች፣ አፍንጫዋን ደረቴ ላይ አሳረፈች። ስታዲየሙ ፈረሰ ማለት ይቻላል። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ የምመራት እኔ እየመሰለኝ።

(አልተናደደም።)

ሲያልቅ ያ የመኖ ሱቁ ልጅ አጥር ዘሎ መጣ። «ጋሼ፣ ቢነግሩን እኮ እንሰርቅልዎ ነበር» አለኝ። ከልቡ ነው። ጨብጬው ሸኘሁት።

ረስል አፈር በአፈር ሆኖ እናቱን አቅፎ አለፈ። ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። በቃኝ።

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

ከቦርዱ ወሬ የለም። ደሊላ ትበላለች። እኔ ያን ያህል አልበላም። ቨርኔል ስለ ሾርባዋ መጥፎ ነገር እንዳልናገር አስጠንቅቃኛለች።

ኖቬምበር 16፣ እሑድ

ዶክተር ፕሬንቲስ ትናንት ራሱ ቤት ድረስ መጣ። ጫማው ጭቃ ነክቷል። በረንዳ ላይ ተቀመጠ፤ ቨርኔል ኬክ ቆረሰችለት።

«ቦርዱ ተሰበሰበ» አለ። «እኔ ሁለታችሁንም ያባርራሉ ብዬ ነበር። ግማሾቹ እንደዚያ ፈልገው ነበር። ከዚያ አንደኛው አባል ደሊላ ብቻዋን ስለዞረችው ዙር ማውራት ጀመረና ስብሰባው ስብሰባ መሆኑ ቀረ። ደሊላ ትቆያለች። የጨርቁ በቅሎ ቀርቷል።»

«መልካም» አልኩ።

ኬኩን በሹካ ይቆራርሳል እንጂ አይበላም። «ልጓሙን ግን ከሚመጣው ወቅት ጀምሮ ተማሪ ይይዘዋል። ክላውዴት የምትባል ልጅ አለች፣ የፈረስ ቤተሰብ ናት። ለእርስዎ ከሜዳው ዳር ወንበር እናስቀምጣለን። ስምዎ ይጻፍበታል።»

ስሜ የተጻፈበት ወንበር። እኔ የማላነበው።

በቅሎዋን ለማዳን ነበር ያን ሁሉ ያደረግኩት፤ ዳነች። ሌላውን፣ ልጓም ያዡን ደግሞ ማንም ሊያድነው ይችላል ብዬ አላሰብኩም፣ መዳን ያስፈልገዋልም ብዬ አላሰብኩም። ብዙ አስቤ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ይህንንም ጻፊው። ዶክተሩ እስከ ነገ መልስ ይስጡኝ ብሎ ሄደ። ሌሊቱን ሙሉ እምቢ አልኩት፣ ጠዋት ደሊላን ሳበላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣልኝ። ስለዚህ ቨርኔል፣ ይህን ለብቻው፣ በንጹሕ ወረቀት ጻፊልኝ፦

ዶክተር ፕሬንቲስ። ወንበሩን እቀበላለሁ። የሚቀመጠው ግን ትልልቆቹ ሰዎች ዘንድ አይሁን። ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ይሁን፤ ደሊላ እዚያ ትቆማለችና «ሂጂ» የሚላት ሰው ያስፈልጋል። ልጅቷ ክላውዴት ማክሰኞ ከሰዓት በረት ትምጣ፤ የሥራ ጫማ አድርጋ። ስሜን ብትጽፉበትም ባትጽፉበትም ግድ የለኝም። ለሙኤል ታርቨር።

አበቃሁ። እስቲ ይህን የመጨረሻውን አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ። ልመና ከመሰለ እንሰርዘዋለን።